ከኮምፒውተሩ ጎን የተጣለው ጠጅ

ወይዘሮ እልፍነሽ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው ባሏን አይደለም፤ ጋኗን ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል ተነሥቶ ቁርጭምጭሚቷን ሲነክሳት እየተራገመች ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ጋኑ የተጠቀለለበትን አሮጌ ብርድ ልብስ ገለጥ ታደርግና ጆሮዋን ከሆዱ ላይ ትለጥፋለች። ሲፈላ የሚሰማ ጠጅ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ያለ ድምፅ አለው። የእሷ ጠጅ ግን ዝም ብሏል። ማሩ ከውሃው ጋር እንደተኛ፣ የጌሾው እንጨት እንደተንሳፈፈ፣ ከአፉ የሚወጣው ሽታ እንኳ የጠጅ ሳይሆን የረጠበ ማገዶ ነው።

"ተኛ አንተ ሰነፍ" ትለዋለች ጋኑን። "ከዚህ ቤት ወንድ ተምረህ ነው።"

ሠርጉ ከጥምቀት ማግስት ነበር። አንድ ልጇ ማኅደረ አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች፤ የምታገባውም የዚያው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የልጁ እናት ወይዘሮ አሰገደች ሽማግሌዎቹ ፊት፣ በዚያ ስኳር በተቀባ አፏ፣ "ጠጁን እኛ ከዚህ በጀሪካን እናስጭናለን፤ እዚያ ብርድ ነው፣ አትድከሙ" ብላ ነበር። እልፍነሽ ደግሞ ሰው ምን እንዳለ ሳይሆን ምን ሊላት እንደፈለገ ነው የምትሰማው። አትድከሙ ማለት አትችሉም ማለት ነው። "በጀሪካን የመጣ ጠጅ የሚጠጣ እንግዳ ቤንዚን ማደያ ሄዶ ይሰለፍ" አለች፤ ያን ቀን ሳቁ፤ እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። ጠጁ ካልደረሰ አሰገደች ጀሪካኗን አስወርዳ፣ በእልፍነሽ ግቢ፣ በእልፍነሽ እንግዶች ፊት ልትቀዳ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

ባሏ ይርዳው ሌላ ጉዳይ ይዞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የስልክ እንጨት ላይ ሲንጠላጠል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰው አርፎ በመቀመጥ ፈንታ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲጫረት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ፤ ቀለሙ የአጫሽ ጥርስ የመሰለ፣ ሲበራ እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስት። ለማኅደረ ሠርግ ከልጅነት ፎቶዎቿ ፊልም እሠራለሁ ብሎ የልጅቷን የድሮ ክፍል ያዘው። ክፍሉ ከጓዳው ቀጥሎ ነው፤ አንዲት ወደ ጓሮ የምታይ መስኮት ብቻ አለችው። ይርዳው ፎቶ ባስገባ ቁጥር ማሽኑ ይደርቃል፤ ማሽኑ በደረቀ ቁጥር ይርዳው አብሮት ይደርቃል፤ እጁን ጉንጩ ላይ ጭኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ የማይንቀሳቀስ ስክሪን ሲያይ ይውላል። እልፍነሽ በበሩ ባለፈች ቁጥር ከሁለቱ የትኛው የጨረታ ዕቃ እንደሆነ ይጠፋት ነበር።

ከዚያ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ሰንብቶ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማድረግ ይቻላል የሚል ወሬ ይዞ ብቅ አለ። በዚህ ወሬ ላይ የከረመው ያህል ባሏ ሆኖ አልከረመም። ማሽኑ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ሰማያዊ ገጽ ላይ ነጫጭ ፊደል ይደረደራል፤ እሱ አንገቱን አስግጎ ይፈልጋል።

"እልፌ፣ ይኼ ማዘርቦርድ የሚሉት ዋና ሰሌዳው ተቆልፏል" አላት በመጨረሻ። "የፍጥነት ማስተካከያ የሚባል የለውም። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያስነካኝ።"

"አውቀው ነዋ የቆለፉት። እንዳንተ ያለው እንደሚገዛው ነግረዋቸው ይሆናል።"

"መንገድ ግን አለው።"

"ይኖረዋል። ወደ ቆራሌው የሚወስድ።"

እንኳን ሊቀየም፣ አልሰማትም። የማሽኑን ጎን ፈታ፣ ማራገቢያውን አነሣ፣ ፕሮሰሰር የሚለውን ጠፍጣፋ ብረት አውጥቶ ሆዱን ወደ ላይ ገለበጠው፤ ሆዱ ላይ ወርቃማ ነጥቦች እንደ ኩፍኝ ፈስሰዋል። ከነጥቦቹ አንዷ ብትሸፈን ቦርዱ የተሰካበት ፈጣኑ ዓይነት ነው ብሎ እንደሚታለል ነገራት። ምላጭ ይዞ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ናስትሮ ቆረጠ፤ በእሷ መርፌ ጫፍ አንሥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ለጠፋት። ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይለጥፍ ኖሮ ይህን ሲለጥፍ ማየት ያናድዳል። እልፍነሽ ትታው ወጣች።

ማሽኑ ግን ተነሣ። ያ የለመደችው ማቃሰት የለም፤ መጀመሪያ እንደ ወፍጮ አጓራ፣ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ጆሮ ሥር እንዳለች ትንኝ ሆኖ ቀረ። ልትቆጣው ስትገባ ግን ከማሽኑ ኋላ የሚነፋው ሞቃት አየር ቅልጥሟን ዳሰሰው፤ የጋለ አቧራ፣ የተቃጠለ ፀጉር፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም የሚጥል ሽታ ነበረው። በዚያ ቤት ውስጥ ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ሞቅ ያለ ነገር ሲነካት የመጀመሪያዋ ነው። እልፍነሽ ሽታውን ረሳችው። ወደ ጓዳው ግድግዳ ዞረች፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ፤ ከዚያ ወደ ባሏ።

"ጋኑን ና አግዘኝ።"

"ምን ልታደርጊ ነው? ፈሳሽ ከኤሌክትሪክ ጎን አይቀመጥም እኮ፣ እልፌ።"

"ዝም ብለህ ጎትት። ይኼ ኮተትህ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም።"

ጋኑን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ እየጎተቱ አስገቡት፤ ሆዱን ከማሽኑ ጀርባ ጋር አፋጥጣ አስቀመጠችው። ሙቀቱ እንዳይወጣ ያንኑ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ቸነከረች። ከዚያ ወዲያ ለክፍሉ የቀረለት ብርሃን የአምፖሉና በብርድ ልብሱ ጠርዝ የምትገባ አንዲት ቀጭን የፀሐይ ሰንጥቅ ብቻ ነበረች።

ምሳ ሳይደርስ ጠጁ ተናገረ። እልፍነሽ ጆሮዋን ለጥፋ ሰማችው፤ ካፊያ አይደለም፣ ዶፍ ነው። በማግስቱ አረፋውን ጣለ፤ ጌሾውን አውጥታ ብታጠልለው ወርቅ መስሎ ወረደ። ጎረቤቷ ብርቄ ልትቀምስ መጣች። ወደ ክፍሉ ግን አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆማ አንገቷን ብቻ አስገባችና፣ ድምፁ ጥርሷን እንዳሳከካት ሁሉ መንጋጋዋን እያሸች መለሰችው። ብርሌውን ተቀብላ ተጎነጨች።

"እትዬ እልፍነሽ፣ ይኼ የዘንድሮ አይደለም።"

"የዚህ ሳምንት ነው።"

"ይሁና።" ብርቄ ብርሌውን ሳትጨርስ መለሰች። "ግን ደኅና ነዎት? ከስተዋል እኮ።"

"ልጅ የሚድር ይከሳል። አንቺም ሲደርስሽ ታይዋለሽ፣ የሚያገባልሽ ከተገኘ።"

ከስተዋል። ምን ትበል፤ የምታመሰግንበት አፍ የላትም። እልፍነሽ ሰው ሲቀና ታውቃለች። ያንኑ ቀን ከአዲስ አበባው ጀሪካን እጥፍ ይሁን ብላ ሁለተኛ ጋን አስገዛች፤ ማሩን በጠበጠች፣ ጌሾዋን ጨመረች፣ ከመጀመሪያው ጎን ደረደረችው።

ሌላው ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሹ ነበር። በክፍሉ ጥግ በሰፌድ የተቀመጠው ነጭ ሽንኩርት አበቀለ፤ ማብቀል ብቻ አይደለም፣ ነጣ ያለ ረጅም ጣት እያወጣ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። የሸጠላትን ነጋዴ ረገመች። የክፍሉ ግድግዳ ሰዓት ከሳሎኑ ሰዓት ቀድሞ ሲሮጥ ተገኘ፤ ብታስተካክለውም ተመልሶ ይቀድማል፤ የቻይና ዕቃ ብላ ገልብጣ አስቀመጠችው። ለድመቷ እዚያው ያኖረችው ወተት ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ ረግቶ፣ ፀጉር አብቅሎ ጠበቃት። ድመቷ ራሷ ከዚያ ክፍል በር አልፋ መሄድ ተወች፤ በግቢው ዞራ በኩሽና በኩል ነው የምትገባው። ይርዳው ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ይገባል፤ ለምሳ ሲወጣ አገጩ ላይ ጢም ቆሟል፤ እሱም ነጭ። "እንግዲህ ያረጀ ሰው ምን ያበቅላል" አለችው፤ እንጀራውን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጆቹን ይዞ መጣ። ልክ የሰው እጅ ተሸክሞ እንደመጣ አድርጎ ከፊቷ ዘረጋቸው።

"እያቸው እስቲ።"

ደም ሥሩ ተወጣጥሯል፤ ጀርባቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል።

"ታጠባቸው" አለችው።

"ያንን ክፍል አልወደድኩትም፣ እልፌ። ውስጡ ስቀመጥ ከውጭ የምሰማው ሁሉ ይጎተትብኛል። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲጮኹ እንደ በሬ ነው የሚሰማኝ። ፊልሙንም ጨርሻለሁ። ናስትሮዋን ላውጣትና ማሽኑ እንደነበረ ይሁን።"

"ሁለተኛው ጋን ሳይደርስ?"

"ሳይደርስ።"

"የሚጎተተው ሰው አንተ ነህ" አለችና ተነሥታ የክፍሉን በር ከውጭ ቆለፈች፤ ቁልፉን ከጡቷ ሥር ወሸቀችው። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ጀምሮ ሲተው አይታዋለች። ጣሪያው፣ የጓሮው አጥር፣ አትክልቱ። በአሰገደች ፊት ግን ጀምሮ መተው አይኖርም።

ይርዳው ከዚያ ወዲያ ሳሎን መዋል ጀመረ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከበሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ይቀመጣል። እልፍነሽ ቁልፉ እጇ ነውና ክፍሉ የእሷ ሆነ። ጥጥና እንዝርቷን ይዛ ትገባለች፤ በሩን ከውስጥ ትዘጋለች፤ ጀርባዋን ለጋኖቹ፣ ቅልጥሟን ለማሽኑ ሰጥታ ለልጇ የሚሆን ነጠላ ትፈትላለች። እንዴት ያለ ሙቀት። ያ ቀጭን ድምፅ መጀመሪያ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ሲቆይ ከጥርሷ ሥር፣ ሲቆይ ከአጥንቷ ውስጥ የሚመጣ መሰላት፤ ከዚያ ለመደችው። ቀለበቷ ላላ ብሎ ጣቷ ላይ ይሽከረከራል፤ ብርድ ነው አለች። ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯ በጉንጉን ይወጣል፤ ሳሙናው ነው አለች። ጥፍሯ ክር እየያዘ ቢያስቸግራት በጥርሷ ልትቆርጠው ነከሰችው፤ ጥፍሩ ቀርቶ ጥርሱ እጇ ላይ ወደቀ። ምንም አላመማትም። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ድሮም የተበላ ነበር አለችና ሰፌዱ ላይ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ መሐል ጣለችው።

ማኅደረ ስትደውል እልፍነሽ እዚያው ነበረች። ስልኩ አንዴ ጠራ፤ ሁለተኛውን እስኪጠራ ድረስ እንዝርቱን አሽከርክራ፣ ፈትሉን አጠንጥና፣ ደግማ አሽከረከረች።

"እ… ማ… ዬ" የሚል ወፍራም፣ ባትሪው እንዳለቀ ቴፕ የሚጎተት ድምፅ መጣ። የልጇ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው በቃሉ እንጂ በድምፁ አይደለም። "ነ… ገ… እ… መ… ጣ…"

"እሺ ነይ፤ ሰምቻለሁ፤ ነይ በቃ" አለችና ዘጋችው። አዲስ አበባ ገብታ እንዲህ ቀርፋፋ ሆና ቀረች። የዚያ ቤት ሰዎች አፍ ተጋብቶባታል።

በማግስቱ ቁርሷን እንኳ በቅጡ ሳትበላ ገባች። ልጅቷ ስትደርስ ከሁለተኛው ጋን የመጀመሪያዋን ብርሌ በገዛ እጇ ልታቀምሳት፣ ለአማቷም ሄዳ እንድትናገር ነበር ሐሳቧ። ነጠላውም ቢያልቅ ደግ ነው። ተቀመጠች። የፀሐይዋ ሰንጥቅ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ገብታ ግድግዳው ላይ፣ ከሽንኩርቱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ አርፋ ነበር። እልፍነሽ ፈተለች። ጥጡ ተንከባሎ እስኪያንስ ፈተለች፤ ራብ መጣና ሄደ፤ ከጋኑ እየጨለፈች ቀማመሰች፤ ጭንቅላቷ ከበዳት፣ አሸለባት፣ ነቃች፣ ደግማ ፈተለች። ቀና ስትል ፀሐይዋ ከዚያው ከቀንበጡ ጫፍ ላይ ነች። ፀሐይ እንኳ በዚህ አገር ሰነፍ ነች አለች በሆዷ።

በሩ ተንኳኳ። አንዴ። ከዚያ ምንም። ጠበቀች፤ ተወችው፤ አንድ እንዝርት ሙሉ ፈትላ ጨርሳ ሌላ ጀመረች፤ ያኔ ሁለተኛው ማንኳኳት መጣ፤ ከወፍራም እንጨት ውስጥ የሚመጣ፣ የታፈነ፣ ረጅም ዱብታ። ማንኳኳት እንኳ የማይችል ሰው። ከበሩ ማዶ ጉሮሮ የሌለው ነገር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ተነሣ፤ የሚወርድ፣ የሚያዛጋ፤ እልፍነሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካዳመጠች በኋላ ነው ከመሐሉ "መናኸሪያ" የሚል ቃል የለቀመችው። ይርዳው ልጅቷን ልቀበል ልሂድ ማለቱ ነው።

"ሂዳ! ማን ያዘህ?"

የእሷን ድምፅ እሱ እንዴት እንደሰማው አላወቀችም። ከበሩ ማዶ የነበረው ድምፅ ግን መሐሉ ላይ ተቆረጠ፤ ከዚያ እግሩ፣ አንዱ ከሌላው በረጅሙ ተለያይቶ፣ ሲርቅ ተሰማት።

ከዚያ መብራት ሄደ። አምፖሉ ጠፋ፤ ስክሪኑ ጠፋ። የማሽኑ ድምፅ ግን አልጠፋም። እልፍነሽ በጨለማው ውስጥ እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ ይግላል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ አየሩ እንደበፊቱ ቅልጥሟን ይነፋል። እጇን ወደ ግድግዳው ወስዳ ገመዱን ይዛ ሳበችው። ገመዱ እጇ ላይ ቀረ። ድምፁ ቀጠለ። ያኔ ለአንድ አፍታ፣ አንገቷ ሥር፣ ከብርድ የተለየ ነገር ተሰማት። ግን ይርዳው የሠራው ነገር ትክክል ይሆናል ብሎ መጀመሪያ ማን ጠብቆ ነበር? ገመዱን ጣለችው። መነሣት ነበረባት፤ ጉልበቷ እንቢ አላት፤ ትንሽ ልረፍና እነሣለሁ ብላ ጭንቅላቷን ከጋኑ ሆድ ላይ አስደገፈች፤ ከውስጥ ዶፉ ወደ ካፊያ፣ ካፊያው ወደ ጠብታ ሲወርድ እየሰማች ዓይኗ ተከደነ።

ስትነቃ ፍጹም ጸጥታ ነበር። ፀሐይዋ ከቀንበጡ ጫፍ የጣት ስፋት ያህል ብቻ ዝቅ ብላለች። ቀንበጡ ደርቆ አመድ መስሏል። እልፍነሽ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ ብርሌዋን ፈልጋ፣ የሁለተኛውን ጋን ክዳን አንሥታ አጎነበሰች። ጭልፋው የጋኑን ባዶ ወለል ጫረ። ከሥሩ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ከተቃጠለ ድስት የሚፋቅ ዓይነት ቅርፊት ብቻ ነበር፤ በላዩ አቧራ። የመጀመሪያውንም ከፈተችው። እሱም እንደዚያው።

ጠጣው። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ተኝታ ሳለ ገብቶ ጠጣው። ቁልፉ ከጡቷ ሥር መሆኑን እጇ ነገራት፤ እሷ ግን እጇን አልሰማችውም። በዚያ ጋቢ ሥር ተደብቆ ስንት ቀን ሲያደባ እንደነበር ታያት፤ በሠርጉ ቀን፣ ጀሪካኑ ሲወርድ፣ የአሰገደች ፈገግታ ታያት። በሩን ከፍታ ወጣች። ቀሚሷ ከእግሯ አልፎ ወለሉን ጠረገ። ልብስ ሲታጠብ ያጥር ነበር፤ ጭራሽ ይረዝም ጀመር? ሳሎኑን በጉም መሐል እንደምትሄድ ሆና፣ ወንበር ወንበሩን እየያዘች አቋረጠችው። በረንዳው ላይ ስትደርስ የግቢው በር ሲከፈት ሰማች፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይጎተት። ይርዳው ነው ብላ አፏን አዘጋጀች።

ይርዳው አልነበረም። መናኸሪያ ላይ ተላልፈው ይሆናል፤ ማኅደረ ብቻዋን፣ ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ የሙሽራ ልብሷን በረጅም ነጭ ከረጢት በሌላው ይዛ ገባች። እልፍነሽ የልጇን ፊት ባየች ጊዜ ቁጣዋ ሁሉ ረገፈ፤ ጠጁም፣ አሰገደችም፣ ባሏም ከልቧ ወጡ። እጆቿን ዘረጋች። ማኅደረ አየቻት፤ ሰው የማያውቀውን ሽማግሌ ሲያገኝ የሚያሳየውን ዓይነት ደግ፣ ጨዋ ፈገግታ ፈገግ አለች፤ ዕቃዋን አስቀምጣ፣ ቀልጠፍ ብላ ቀረበችና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ፤ ለሠርጉ ከገጠር መጥተው ነው? ምነው፣ እማዬ የት ሄዳ ነው ብቻዎን የተወችዎ?"